«አማከረ» ወይስ «ተመካከረ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ብራስልስ ነው። በሠራተኛ ማኅበራችን ለአበሻ ባልደረቦቼ የሚበተኑ ወረቀቶችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የአውሮፓ ሕግ በብዙ አገር የሚሠራ ትልቅ ኩባንያ ፋብሪካ ሊዘጋ ወይም ሰው ሊቀንስ ሲያስብ አስቀድሞ ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር እንዲነጋገር ያስገድዳል። እኔ «ኩባንያው ሠራተኞቹን ማማከር አለበት» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ባልደረባዬ «ደግሞ ምን ብሎ ሊመክረን ነው?» አለኝ። የቱ ነው ትክክል? «ሪስትራክቸሪንግ» የሚሉትንስ «መልሶ ማደራጀት» ልበለው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ትክክል ናቸው። በዚህ ግስ ጉዳይ ስከራከር ዓመታት አልፈዋል፤ ረዘም ካለብዎ ይታገሡኝ።

ከሥሩ እንነሳ። መከረ ሁለት ፍቺ አለው። «ልጁን መከረው» ስንል ምክር ሰጠው ነው። «ሽማግሎቹ መከሩ» ስንል ግን ተቀምጠው ተወያዩ ማለታችን ነው። ምክር ቤት የተባለው በዚህ በሁለተኛው ነው። አማከረ ደግሞ ምክር ጠየቀ ነው። «ከማግባቱ በፊት አባቱን አማከረ» ሲባል ምክሩ የሚገኘው ከአባት ነው። ተመካከረ ላይ ስንደርስ መካከለኛው ፊደል ይደገማል። ድግግሙ ለጌጥ የገባ አይደለም። ሐሳቡ ወዲያና ወዲህ መመላለሱን ነው የሚያሳየው።

መንገዴን ትንሽ ልልቀቅ። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት ምክርንና መከራን የአንድ እናት ልጆች ያስመስላቸዋል። መከራ ግን የወጣው «ፈተነ» ከሚለው ከግእዙ አመከረ ነው። ሞከረና ሙከራም የዚያው ወገን ናቸው።

ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ ጣጣውን ያመጣው «አማካሪ» የሚለው ቃል ነው። በግሱ አካሄድ ከሄድን አማካሪ ምክር ጠያቂው ነው፤ ሰጪው መካሪ ነው። ተረቱም «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ነው የሚለው። ዛሬ ግን የሕግ አማካሪ አለ፣ የታክስ አማካሪ አለ፣ የጋብቻ አማካሪ አለ። ሁሉም ምክር ሰጪዎች ናቸው። ይህን ቃል ወደ ቦታው መመለስ አይቻልም፤ ሳልወድ ተቀብዬዋለሁ። ችግሩ ስሙ ግሱንም ይዞት ዞረ። ለብዙው ከተሜ ዛሬ «ማማከር» ምክር መስጠት ነው። ስለዚህ የእርስዎን ዓረፍተ ነገር አንዱ «ሐሳባቸውን ይጠይቅ» ብሎ ይሰማዋል። ሌላው «ሌላ ሥራ ፈልጉ ብሎ ይምከራቸው» ብሎ ቢሰማው አይፈረድበትም።

«ዐውዱ ይለየዋል» የሚሉ የሙያ ሰዎች አሉ። ጠንከር ያለ መከራከሪያም አላቸው። ሕጉ ለሠራተኛው የመወሰን ሥልጣን አልሰጠውም፤ «ተመካከሩ» ካልን አብረው የወሰኑ ያስመስላል፤ ስለዚህ «አማከረ» ይበቃል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መመካከርና መስማማት ለየቅል ናቸው። «ተመካክረን ሳንስማማ ቀረን» ቢባል ግር የሚለው አማርኛ ተናጋሪ የለም።

ደግሞ ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። እርስዎ ካሉበት ከተማ አፍንጫ ሥር፣ ቪልቮርድ ላይ የሆነውን ይመልከቱ። የፈረንሳዩ መኪና አምራች ሬኖ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1997 (በዚህ ክፍል የአውሮፓን አቆጣጠር እጠቀማለሁ) ወደ 3,100 ሰው የሚሠራበትን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ኩባንያው ከየአገሩ ሠራተኞች የተውጣጣ የአውሮፓ ምክር ቤት ነበረው። ተወካዮቹ ግን የሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ማርች 7 ቀን የቤልጂየም፣ የፈረንሳይና የስፔን የሬኖ ሠራተኞች በአንድነት ሥራ አቆሙ። በኤፕሪል የፈረንሳዩ የናንቴር ፍርድ ቤት ኩባንያው ተወካዮቹን ቀድሞ ማነጋገር ነበረበት ሲል ፈረደ። የቬርሳይ ይግባኝ ሰሚም አጸናው። ፋብሪካው ግን በዚያው ዓመት ተዘጋ።

ሬኖ አሳውቋል። አልተመካከረም። ክርክሩ በሁለቱ ግሶች መካከል ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአውሮፓ መመሪያም ሁለቱን ለየብቻ ይፈታቸዋል። ሁለተኛውን ሲፈታ ሐሳብ መለዋወጥ ይለዋል፤ ያውም ተወካዮቹ አስተያየታቸውን ለመስጠት በሚያስችላቸው ጊዜ። «ተለዋወጠ» ራሱ እንደ «ተመካከረ» ድግግም ግስ መሆኑን ልብ ይበሉ። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲቀነስ አሠሪው ከማኅበሩ ወይም ከተወካዮቹ ጋር እንዲመክር ያዛል።

ተመካከረ ከኩባንያና ከሠራተኛም አልፎ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2000 ጄኔራል ሞተርስ እንግሊዝ አገር ሉተን ላይ የቮክስሆል መኪና ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። የዚያው ኩባንያ የጀርመን ቅርንጫፍ የነበረው የኦፔል ሠራተኛ «እኛ ተርፈናል» ብሎ አርፎ መቀመጥ ይችል ነበር። እንደዚያ አላደረገም። ጃንዋሪ 25 ቀን 2001 በየአገሩ ወደ 40,000 የሚሆኑ የኩባንያው ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በማርች ማንም በግዳጅ እንዳይሰናበት የሚል ስምምነት ተፈረመ። የመኪና ማምረቱ መቆም ባይቀርም ሸክሙን ሉተን ብቻዋን አልተሸከመችም። «ማኅበራቱ ድንበር ሳይገድባቸው ተመካከሩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። በ«አማከሩ» ይህን ለማለት ይሞክሩ፤ አይሆንልዎትም።

ደስ የሚለው፣ ስሙ «ምክክር» ዛሬ በሁሉም አፍ ገብቷል። በ2014 ዓ.ም. የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ሲቋቋም «ሀገራዊ ማማከር» ያለው ሰው አልነበረም።

ስለ «መልሶ ማደራጀት» ባጭሩ ልመልስ። ሥሩ ደረጀ ነው፤ ጠነከረ፣ ተሟላ ማለት ነው። ልጃችንን «ደረጀ» የምንለው ይህን ተመኝተን ነው። ሠራተኛ ማኅበር ሲያቋቁምም «ተደራጀ» እንላለን። ሰው የሚያሰናብት ኩባንያ ይህን ግስ እንዲወስድብን አልፈልግም። «መልሶ ማዋቀር» ይሻለኛል። ወቀረ ድንጋይ ፈለፈለ፣ ጠረበ ነው፤ ወፍጮ እንወቅራለን፣ የላሊበላዎቹንም ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንላቸዋለን። በመውቀር ውስጥ ተፈርፍሮ የሚወድቅ አለ፤ ቃሉ ያንን አይሸፍነውም። ማስረጃው ግን ከእኔ ጋር አይደለም። ጋዜጣውም መሥሪያ ቤቱም ሁለቱን እያፈራረቀ ይጽፋል፤ «ማደራጀት» ሲል ደረጀ የሚታወሰው ሰው ጥቂት ነው። «ማደራጀት» ብለው ቢጽፉ ስህተት ነው አልልዎትም።

የአገራችን ሠራተኛ ከሁለቱም የቀለለ አነጋገር አለው። «አዲስ መዋቅር ሊመጣ ነው» ይላል፤ ቀጥሎ «ድልድል» እንደሚከተል ያውቃል። ስለዚህ እንዲህ ቢጽፉት ደስ ይለኛል፦ «ኩባንያው አዲስ መዋቅር ከማጽደቁ በፊት ከየአገሩ የሠራተኛ ተወካዮች ጋር በጊዜ መመካከር አለበት።» ሰው የሚቀነስ ከሆነ ግን «መዋቅር» ብለው ብቻ አይለፉት። የአዋጁ ቃል «ቅነሳ» ነው፤ እርስዎም «ቅነሳ» ብለው ይጻፉት።