የቻይና የባሕር ዳርቻ ፈጣን መንገድ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባለፈው ጽሑፌ ከሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ከሼንያንግ ተነሥቶ በደቡብ ደሴት ላይ እስካለችው ሃይኮው ድረስ ስለሚዘልቀው፣ ሼንሃይ ስለሚባለው ፈጣን መንገድ በጥቂቱ አንሥቼ ነበር። ርዝመቱ 3,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳልያንን፣ ቺንግዳኦን፣ ሻንጋይን፣ ኒንግቦን፣ ሺያሜንንና ሼንዠንን የመሳሰሉ ወደቦችን ያያይዛል። የደረሱኝ ጥያቄዎች ከጻፍኩት ይበልጥ ስለጠለቁ የዛሬውን ቦታ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ «ባሕሩ አጠገባቸው እያለ ለምን ያን ሁሉ መንገድ ይሠራሉ? በመርከብ መጫን አይረክስም ወይ?» (ድሬዳዋ፣ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ)

መልስ፦ ይረክሳል፣ አባቴ፤ በዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ነገር ግን መርከብ የሚቆመው ወደብ ላይ ብቻ ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ ወደቡ ላይ አይደለም። በመንገዱ ላይ ካሉት ከተሞች ዌንዡ ጫማ ይሰፋል፤ ታይዡ የልብስ ስፌት መኪናና የውሃ ፓምፕ ይሠራል። የጫማው ሶል ከአንድ ከተማ፣ ማሰሪያው ከሌላው፣ ካርቶኑ ከሦስተኛው ይመጣል። ይህ ሁሉ በየቀኑ የሚመላለሰው በመኪና ነው፤ መርከቡ የሚጠብቀው ያለቀለትን ዕቃ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይናገራል። ቻይና በ1984 14 የባሕር ዳርቻ ከተሞችን ለውጭ ንግድ ከፈተች፤ ዛሬ አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ላይ ይገኛሉ። የመንገዱ የመጀመሪያ ትልቅ ቁራጭ በ1990 የተከፈተው ከሼንያንግ ዳልያን የሚወስደው 375 ኪሎ ሜትር ነው። እርሱም የአንሻንን ብረት ከዳልያን ወደብ አገናኘ። ወደ ደቡብ ሲወርዱ በዠጂያንግና በፉጂያን ክፍለ ሀገራት ተራራው እስከ ባሕሩ ጠርዝ ድረስ ይወርዳል፤ ዋሻና ድልድይ እየተፈራረቁ ባይሠሩ ኖሮ በዚያ ጠባብ ሜዳ ላይ ያሉት ከተሞች ተጎራብተውም ተራርቀው በቀሩ ነበር። እኔ የዚህን መንገድ ዋጋ የምለካው በርዝመቱ ሳይሆን በመውጫዎቹ ብዛት ነው። መኪና ከመንገዱ ወርዶ ፋብሪካ በር ላይ የሚቆምበት ቦታ ከሌለ አስፋልቱ ብቻውን ማንንም አያበላም።

ጥያቄ፦ «ከዪዉ የማስመጣው ዕቃ በዚህ መንገድ ያልፋል?» (አዲስ አበባ፣ የመርካቶ ነጋዴ)

መልስ፦ በቅርንጫፉ ያልፋል። ዪዉ ከባሕሩ ገባ ያለች ከተማ ናት። በመርከብ ሰነድዎ ላይ «የመጫኛ ወደብ» የሚለውን ይመልከቱ፤ ኒንግቦ የሚል ከሆነ ኮንቴይነርዎ ወደዚያ የወረደበት ፈጣን መንገድ ቁጥሩ 1512 ነው። ዋናው መንገድ 15 ሲሆን 12 የቅርንጫፉ መለያ ነው። ኒንግቦ ዦሻን በጭነት ቶን ብዛት የዓለም ቀዳሚ ወደብ ነው። ከዪዉ እስከ መርከቡ ያለው ርቀት ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዕቃዎ ጅቡቲ ከተራገፈ በኋላ ግን ጋላፊን አልፎ፣ ሰመራን አልፎ አዲስ አበባ እስኪደርስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል። አንድ ፕላስቲክ ባልዲ ለምን እዚህ ይወደዳል ብለው ሲያዝኑ ይህን ልዩነትም ከሒሳቡ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ «የሃንግዡ ባሕረ ሰላጤ ድልድይ በሥዕል ሳየው እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ቀጥ ቢል አጭር አይሆንም ነበር?» (ባሕር ዳር፣ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ)

መልስ፦ ጥሩ ዓይን አለህ። ያጥር ነበር፤ ነገር ግን 36 ኪሎ ሜትር ባሕር ላይ ቀጥ ብሎ መንዳት ሹፌርን ያስተኛል። መጠማዘዙ ዓይንን ያነቃል፤ ድልድዩም የውሃውን ፍሰት በተሻለ ማዕዘን እንዲያቋርጥ ያደርጋል።

ከሻንጋይ ወደ ኒንግቦ በአውቶቡስ ሳልፍ መስኮት ዳር ተቀምጬ ነበር። ሰማያዊ ባሕር ስጠብቅ ያየሁት በነሐሴ ወር እንደሚወርደው ዓባይ የደፈረሰ ቡናማ ውሃ ነው። የድልድዩ አጥር ቀይ ነበር፤ ቆይቶ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ። በየ5 ኪሎ ሜትሩ ቀለሙ እየተለወጠ የማርያም መቀነትን ሰባት ቀለማት ይጨርሳል። ውሃውና ሰማዩ አንድ ዓይነት በሆኑበት ቦታ ሰው የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዚያ ቀለም ነው። ለሹፌሩ እንዲህ ያሰበ መሐንዲስ ልቤን ይነካዋል።

ለሙያህ የሚጠቅምህ ግን አሠራሩ ነው። በደቡቡ በኩል 10 ኪሎ ሜትር ያህል ጭቃማ ዳርቻ አለ፤ ባሕሩ ሲሸሽ መርከብ አይንሳፈፍበትም፣ መኪናም አይቆምበትም። ስለዚህ 50 ሜትር ርዝመትና 1,400 ቶን ክብደት ያላቸውን የኮንክሪት ተሸካሚዎች ቀድሞ በተዘረጋው ድልድይ ላይ እየነዱ ወስደው ከፊት ካስቀመጡት ቀጥለው ዘረጉ። ድልድዩ ራሱን በራሱ ተሸክሞ አደገ ማለት ነው። ከጭቃው ሥር ደግሞ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ፤ ቁፋሮ ሳይጀመር ጋዙ ቀስ በቀስ እንዲወጣ ተደረገ። በ2008 ግንቦት መባቻ ላይ ተከፈተ፤ በሻንጋይና በኒንግቦ መካከል የነበረውን መንገድም በ120 ኪሎ ሜትር ያህል አሳጠረ። በዚያው ዓመት በያንግዜ ወንዝ ላይ የተከፈተውን የሱቶንግ ድልድይም አጥናው፤ በገመድ የተያዘው መካከለኛ ክፍሉ 1,088 ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ «ከጫፍ እስከ ጫፍ ከመኪና ሳይወርዱ መሄድ ይቻላል?»

መልስ፦ አይቻልም። ሁለት ቦታ ላይ መኪናውን መርከብ ያሻግረዋል፤ አንዱ ከዳልያን ወደ ያንታይ፣ ሌላው ወደ ሃይናን ደሴት ሲሻገሩ ነው። በየካቲት 2018 የቻይናውያን አዲስ ዓመት በዓል ሲያበቃ ጭጋግ የሃይኮውን መሻገሪያ ዘግቶ ከ10,000 በላይ መኪኖች ለቀናት ቆመው ቀርተዋል።

ጥያቄ፦ «ስሙ ምን ማለት ነው?» (ጓንዡ፣ ተማሪ)

መልስ፦ ሼንሃይ የሚለው ስም ከሼንያንግና ከሃይኮው የተወሰደ ነው። አንቺ ቋንቋውን እየተማርሽ ስለሆነ ልብ በዪ፦ የድምፁን ቃና ብትለውጪው «ጥልቅ ባሕር» ማለት ይሆናል።

ጥያቄ፦ «የነዳጅ ቦቴ ሹፌር ነኝ። እዚያ የመንገድ ክፍያው እንዴት ነው? አደጋስ አለ?» (አዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክፍያው እርስዎ በአዲስ አዳማ መንገድ እንደሚያውቁት በርቀትና በመኪናው ዓይነት ነው። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ በክፍለ ሀገራት ድንበር ላይ የነበሩ 487 የክፍያ ኬላዎች ተነሥተው ሒሳቡን ከመንገዱ በላይ የተተከሉ መሣሪያዎች ይይዛሉ። ትንንሽ መኪኖች በአራት ታላላቅ በዓላት በነፃ ያልፋሉ፤ የጭነት መኪና ግን ይከፍላል።

አደጋው ግን እርስዎን በቀጥታ ይመለከታል። በሰኔ 2020 በዚሁ መንገድ ላይ፣ ዌንሊንግ በተባለች ከተማ አጠገብ፣ ፈሳሽ ጋዝ የጫነ ቦቴ ወደ መውጫው ሲታጠፍ ተገልብጦ ፈነዳ። ከቦቴው የተፈናጠረው ብረት መንገድ ዳር ያለ የፋብሪካ አዳራሽ ላይ ወደቀ፤ 20 ሰዎች ሞቱ። ከላይ ያመሰገንኩት ቅርበት፣ ፋብሪካው መውጫው አጠገብ መሆኑ፣ በዚያ ቀን ሰው ገደለ። ምርመራው ያገኘው ምክንያት ፍጥነት ነበር፤ መኪናው ከዋናው መንገድ ወደ ጠባቡ መታጠፊያ የገባው በቂ ሳይቀንስ ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት በግማሽ የተሞላ ቦቴ ከሞላው ይብሳል፤ ፈሳሹ በመታጠፊያው ወደ ውጭ ይጋፋልና። ፍጥነቱን መቀነስ ያለብዎት ቀጥታው ላይ እያሉ ነው። ከታጠፉ በኋላ ፍሬን መርገጥ ቦቴውን ሊገለብጠው ይችላል።