ሬድላንድ ላይ ማንጎና አቮካዶ ለመትከል፦ መጀመሪያ ድንጋዩ

«ከማያሚ ደቡብ ምዕራብ፣ ሬድላንድ ውስጥ 5 ኤከር መሬት ልንገዛ ነው፤ ቆፍረን ስናይ ግን ድንጋይ ብቻ ነው። ማንጎና አቮካዶ ይይዛል ወይ?» ብለው ለጠየቁት እህታችን፦

ይይዛል። አካባቢው ከመቶ ዓመት በላይ ፍራፍሬ ያመረተው በዚሁ ድንጋይ ላይ ነው። ስሙ «ቀይ መሬት» ይሁን እንጂ ቀዩ አፈር በኖራ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ እዚህም እዚያም የተቋጠረ ነው። እርሻ የሆነው መሬት ድንጋዩ በከባድ ማሽን ተፈቅፍቆና ተሰባብሮ የተገኘ ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ድንጋዩ ታርሶ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁ። ታርሶ ከሆነ ላዩ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠራማ አፈር ያገኛሉ፤ ካልታረሰ ወጪው የእርስዎ ነው።

ለዛፍ ግን 15 ሳንቲ ሜትር አይበቃም። ገበሬዎቹ ድንጋዩን በማሽን እየቆረጡ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ በቁመትም በአግድምም ያወጣሉ፤ ችግኙ የሚተከለው ሁለቱ ቦዮች በሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ ነው። ሥሩ በአራቱም አቅጣጫ ቦዩን ይዞ ይሄዳል። ይህን ዘለው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የተከሉት ዛፍ ሥሩ ድስት ውስጥ እንዳለ ይጠቀለላል፣ ንፋስ ሲመጣም ይገነደሳል። ለጥቂት ዛፍ ብቻ ከሆነ ጉድጓዱ ችግኙ ካለበት ዕቃ ሦስት አራት እጥፍ ይስፋ፣ ሦስት እጥፍ ይጥለቅ።

ቦታው ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ በክረምቱ (እዚያ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው) የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ይመጣል። አቮካዶ ሥሩ ለጥቂት ቀናት እንኳ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሰፊ ጉብታ ሠርተው እላዩ ላይ ይትከሉ። ማንጎ በዚህ በኩል ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በብረት እጥረት ነው። አዲስ የወጣው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ከቀሩ ምልክቱ እሱ ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ከ7 በላይ ኖራማ ነው ማለት ነው) ከ7.4 እስከ 8.4 ስለሆነ ተራ የብረት ሰልፌት መሬት ላይ ቢበትኑ ኖራው ወዲያው ይይዘዋል፣ ገንዘብ ማባከን ነው። የሚሠራው ኢዲዲኤችኤ የተባለው የብረት ኬሌት (ብረቱን አቅፎ ከኖራው የሚጠብቅ ውህድ) ነው፤ ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። በሞቃቱ ወራት በዓመት ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ሥሩ ላይ ያፍስሱት። ዚንክና ማንጋኒዝ ግን በቅጠል ላይ ይረጫሉ። የእንጨት ፍላጭ ጉዝጓዝም ያልብሱት፣ ከግንዱ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ እንጂ።

አቮካዶ ሲመርጡ ሃስ የተባለውን ዝርያ ይተዉት፣ ለዚያ አየር አይስማማም። ሲመንድስ፣ ቾኬት፣ ሞንሮ ይሁኑ። አሳሳቢው ሎረል ዊልት የተባለው በሽታ ነው፤ ጥቃቅን ግንድ ሰርሳሪ ጥንዚዛዎች የሚያመጡት ፈንገስ ነው። አንድ ቅርንጫፍ በድንገት ይጠወልጋል፣ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ሳይረግፍ ይንጠለጠላል፤ ልጡን ላጥ ሲያደርጉ እንጨቱ ላይ ጥቁር መስመሮች ያያሉ። የጎረቤት ዛፎች ሥር ለሥር ስለሚጣበቁ በዚያም ይሻገራል። ዛፉን ሳይውሉ ሳያድሩ ከነሥሩ ነቅለው እዚያው ይፍጩት ወይም በፈቃድ ያቃጥሉት። እንጨቱን ለማገዶ ብሎ ሌላ ቦታ መውሰድ ጥፋት ነው። በዚህ ምክንያት ለጀማሪ ከግማሽ በላይ ማንጎ ቢሆን ይሻላል እላለሁ።

ኬንት፣ ኬይት፣ ቶሚ አትኪንስ፦ አገር ቤትም የሚተከሉት እነዚህ የማንጎ ዝርያዎች የተገኙት በዚያው በደቡብ ፍሎሪዳ ነው። አበባው ላይ አንትራክኖዝ የተባለው የፈንገስ በሽታ እንዳይወርድ በመዳብ መድኃኒት ቀድመው ይርጩ፤ ጥቁር ነጥብ ከታየ በኋላ መርጨት ያለቀለት ነገር ነው።

ሥሩ ጥልቅ ስለማይሄድ፣ ንፋስ እንዳይጥለው ዛፉን ከ3 እስከ 4.5 ሜትር ላይ ይግረዙት። ነሐሴ 1992 (በፈረንጆቹ) አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ብዙ የፍራፍሬ እርሻ የወደመው እዚህ ነበር። የወደቀ ዛፍ ሥሩ ሳይደርቅ ቀና ይደረጋል፤ ግንዱ በፀሐይ እንዳይቃጠል ነጭ የውሃ ቀለም በውሃ አቅጥነው ይቀቡት።

በወረቀት በኩል፣ የእርሻ ክልል በተባለው መሬት ላይ የሚፈቀደው በ5 ኤከር አንድ መኖሪያ ቤት ነው። የእርሻ ግብር ቅናሽ ማመልከቻ እስከ ማርች 1 ይገባል፤ መሬቱም ለንግድ በእውነት መታረስ አለበት። ችግኝ ከማዘዝዎ በፊት እዚያው ሬድላንድ ወደሚገኘው፣ በ1944 (በፈረንጆቹ) ወደተቋቋመው የፍራፍሬና የቅመማ ቅመም ፓርክ ጎራ ይበሉና የዝርያዎቹን ዛፍ ቆመው ይዩ።