የሴቶች ዝግ ግሩፕ ስለማስተዳደር ጠይቁኝ

ለፌሚኒስት ሴቶች ብቻ የተከፈተ ዝግ የቴሌግራም ግሩፕ ከሌሎች እህቶች ጋር ሆኜ አስተዳድራለሁ። አባላቱ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዋሽንግተን ይኖራሉ። የግሩፑን ስም እዚህ አልጽፍም። ሰሞኑን "እኛም የራሳችንን ልንከፍት ነው፣ እንዴት ነው የሚሠራው?" የሚሉ ጥያቄዎች ስለበዙብኝ አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። የጠያቂዎቹን ስም ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ለምን ዝግ ሆነ? የሴቶች ጉዳይ በአደባባይ ካልተወራ ምን ይለወጣል?

መልስ፦ በአደባባይ መወራት አለበት፣ እየተወራም ነው። የሎው ሙቭመንት የሚባለው የሴቶች መብት ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ2011 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ሲጀመር ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ነው ተማሪውን ያነጋገረው። ሴታዊት የተባለችው የፌሚኒስቶች ስብስብም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ስለ ፌሚኒዝም በግልጽ ስታወያይ ቆይታለች። እንዲህ ያለ መድረክ ላይ የሚናገሩት ግን ስማቸውንና ፊታቸውን ማሳየት የቻሉ ሴቶች ናቸው። ባሏ ስልኳን የሚፈትሽባት፣ አለቃዋ የሚያስቸግራት፣ ወንድሟ ፌስቡኳን የሚከታተል ሴት መጀመሪያ ሳትፈራ የምትናገርበት ቦታ ያስፈልጋታል። ብዙዎቹ "ይሄ የደረሰብኝ ነገር ጥቃት ይባላል ወይስ እኔ ነኝ ያጋነንኩት?" ብለው ነው የሚጀምሩት። እኛ ጋ ተናግራ፣ ሌሎች "እኔም" ብለዋት፣ ከዚያ ፖሊስ ጋ የሄደች አለች። ያልሄደችም አለች፣ ማንም አያስገድዳትም።

ጥያቄ፦ ሰው የምታስገቡት እንዴት ነው?

መልስ፦ ሊንኩን በየቦታው አንበትንም። ቴሌግራም ላይ በሊንክ የመጣችው ሴት አድሚን ካልፈቀደላት እንዳትገባ ማድረግ ይቻላል፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ከዚያ አንዲት አባል "አውቃታለሁ" ብላ ዋስ ትሆናታለች። ዋስነቱ የምር ነው፤ አዲሷ አባል የግሩፑን ነገር ወደ ውጭ ብታወጣ ዋሷም ትጠየቃለች። በመጨረሻ አንዷ አድሚን ደውላ ታወራታለች። በሴት ስምና በሴት ፎቶ የሚመጡ ወንዶች ብዙዎቹ እዚህ ጋ ይቀራሉ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ "መታወቂያሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪ" አትበሉ። እንደዚያ የሚያደርጉ ግሩፖች አይቻለሁ፣ ለጥንቃቄ ብለው እንደሆነም ይገባኛል። ግን የአንዷ አድሚን ስልክ ታክሲ ውስጥ ቢሰረቅ የዚያ ሁሉ ሴት ስም፣ አድራሻና ፎቶ አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ የሰው መረጃ ሰብስቦ ማስቀመጥ ኃላፊነት ያመጣል። የማያስፈልጋችሁን መረጃ ከነጭራሹ አትያዙ።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ለማንበብ ብቻ ብገባስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሆንም። ድጋፍህን አልጠላሁም፤ አባላቱ ግን የጻፉት ሴቶች ብቻ ያነቡታል ብለው ነው። ቢሮ ውስጥ ጓደኛህ በሥራ ባልደረባችሁ ላይ ሲቀልድ "ተው" ማለት ትችላለህ። እሱ የእኛን ግሩፕ ከማንበብ በላይ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ስክሪንሾትን እንዴት ነው የምትከላከሉት? የእኛ ግሩፕ የፈረሰው በሱ ነው።

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ መከላከል አይቻልም፣ ይህንን ለአባላት በግልጽ መንገር አለባችሁ። ቴሌግራም ላይ መልእክት እንዳይተላለፍና እንዳይቀመጥ የሚያደርግ ሴቲንግ አለ፣ አብሩት። ግን በሌላ ስልክ ካሜራ ስክሪኑን ፎቶ የምታነሳን ሰው የሚያስቆም ቴክኖሎጂ የለም። ሌላም ማወቅ ያለባችሁ አለ፦ የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ) አይደለም። እንደዚያ የሚመሰጠረው ሚስጥራዊ ቻት የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው ነው የሚሠራው። ስለዚህ በጣም ከባድ የሆነ ነገር ግሩፕ ላይ አይጻፍም።

እኛ የምናደርገው መልእክቱ ቢወጣ እንኳ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነው። አባላት ስልክ ቁጥራቸውን ለማንም እንዳይታይ ያደርጋሉ፣ የሚገቡት በእውነተኛ ስማቸውና ፎቷቸው አይደለም፣ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃልም ያበራሉ። (ዋትስአፕ የማንጠቀመው ለዚህ ነው፤ ግሩፕ ውስጥ ቁጥርሽ ለሁሉም ይታያል።) ከባድ ታሪክ ያላት ለአድሚን ትልካለች፣ እኛ ከተማውን፣ ሥራዋን፣ የልጆቿን ብዛት ቀይረን ያለ ስም እንለጥፍላታለን። ከመለጠፋችን በፊት መልሰን እናሳያታለን። "ይሄን ያነበበ ጎረቤቴ ያውቀኛል" ካለች እሱንም እናወጣዋለን።

ነገር ከወጣ ደግሞ መጀመሪያ የምንደውለው ለባለታሪኳ ነው። ሌባዋን ማደን ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ለአባላቱ በሙሉም የሆነውን እንነግራለን፣ አንደብቅም። ብዙ ግሩፕ የሚፈርሰው ነገር በመውጣቱ ሳይሆን አድሚኖቹ ዝም ሲሉ ሁሉም ሁሉንም መጠርጠር ስለሚጀምር ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ አንድ የታወቀ ሰው ጥቃት አድርሶብኛል። ሌሎች እንዲጠነቀቁ ስሙን ግሩፕ ላይ ብጽፈው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስላንቺ። ድርጊቱ አስገድዶ መድፈር ከሆነና ሰሞኑን የተፈጸመ ከሆነ ሳትታጠቢ፣ ልብስሽንም ሳታጥቢ ሆስፒታል ሂጂ። አዲስ አበባ ከሆንሽ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም የፖሊስና የሕግ ነገሩንም አንድ ቦታ የሚያገናኝ የአንድ መስኮት ማዕከል አለ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይወሰዳል፣ በቶሎ ሲወሰድ ግን ይበልጥ ይሠራል። ታጥበሽ ብትሆኚም ቀኑ ቢያልፍም ሂጂ፣ "አበቃልኝ" ብለሽ ቤት አትቅሪ።

ስሙን ስለመጻፍ፦ እኛ ጋ አይፈቀድም። ሰውየውን ለመጠበቅ ብለን አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 የሰውን ክብርና ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ በኮምፒውተር ሥርዓት ማሰራጨትን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም በገንዘብ ያስቀጣል። ታዋቂና ገንዘብ ያለው ሰው ጠበቃ ይቀጥራል፣ ተበዳይዋ ተከሳሽ ትሆናለች። ይሄ ያናድዳል፣ እኔንም ያናድደኛል። ግን ያው አንቀጽ ለእናንተም ይሠራል፦ በመልእክት እየደጋገመ የሚያስፈራራሽን፣ "ፎቶሽን እለቀዋለሁ" የሚልሽን ሰው በሱ መክሰስ ትችያለሽ። ስለዚህ የሚልክልሽን ሁሉ ሳታጠፊ አስቀምጪ፣ ቀኑና አካውንቱ እንዲታይ አድርገሽ።

ስሙን ለሁለት አድሚኖች በስልክ ብቻ ትነግሪያለሽ። ሌላ ሴት ስለዚያው ሰው ከመጣች ሁለታችሁም ፈቃደኛ መሆናችሁን ለየብቻ ጠይቀን እናገናኛችኋለን። ሁለት ሆኖ ጠበቃ ጋ መሄድ ሌላ ጉልበት አለው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላት ሴት ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ቤይሩት ሰው ቤት እሠራለሁ። ማዳሜ ስልኬን ታያለች። 8ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ፌሚኒስት የሚሉት ነገር ለእኔም ይሆናል?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ላንቺ ካልሆነ ለማን ይሆናል? የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን እንደማያካትት፣ ከፋላ በሚሉት፣ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር በሚያስር ሥርዓት ምክንያት ያለ አሠሪሽ ፈቃድ ሥራ መቀየር እንደማትችዪ ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚያው ቤይሩት እ.ኤ.አ. በ2017 እኛ ለእኛ በስደት የሚባለውን ድርጅት ያቋቋሙት ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ሲጥሏቸው ምግብና ማደሪያ ለማግኘት የሮጡት እነሱ ነበሩ። የትኛውም ዲግሪ ይህን አያስተምርም።

ስለ ስልኩ፦ ቴሌግራምን በኮድ ቆልፊው፣ የግሩፑን ማሳወቂያ አጥፊው፣ ግሩፑንም አርካይቭ ውስጥ ክተቺው። አስጊ ቀን ከሆነ አፑን አጥፊው፣ አካውንትሽ ስለማይጠፋ ሲመችሽ መልሰሽ ትገቢያለሽ። ለዚህ ግን የይለፍ ቃልሽን በቃልሽ ያዢ። መጻፍ ከከበደሽ በድምፅ ላኪ። እኛ ጋ ፊደል ተሳሳተች ብሎ የሚያርም የለም፣ ካለችም እናስቆማታለን።

ጥያቄ፦ የብሔርና የጦርነት ወሬ ሲነሳ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። መጀመሪያ ላይ "ፖለቲካ አይወራም" ያልን ግሩፖች ብዙ ነበርን። ግን ከጦርነት መሐል የመጣች ሴት የደረሰባትን ስትናገር "ፖለቲካ ነው" ልትዪያት ነው? የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ጥቅምት 2014 ያወጡት የጋራ ሪፖርት በትግራይ ጦርነት ሁሉም ተፋላሚ ወገኖች ወሲባዊ ጥቃት መፈጸማቸውን ለማመን በቂ ምክንያት እንዳለ አስፍሯል። የእኛም አባላት ከሁሉም አቅጣጫ ናቸው።

አሁን ያለን ደንብ አጭር ነው። አንዲት ሴት የደረሰባትን ስትናገር ከሥሯ "የእኛስ?" ተብሎ አይጻፍም። የእናንተን በሌላ ቀን፣ በራሱ ቦታ ትጽፋላችሁ፣ እሷም ታነባችኋለች። ማን ይበልጥ ተጎዳ የሚል ቆጠራ ውስጥ አንገባም። አጥቂው የየትኛው ወገን እንደነበር መናገር የባለታሪኳ መብት ነው፣ ከዚያ ተነስቶ ሕዝብ መሳደብ ግን ያስወጣል። ነገር ሲጋጋል አንድ ሰው በተወሰነ ደቂቃ አንዴ ብቻ እንዲጽፍ የሚያደርገውን ሴቲንግ እናበራለን፣ ረጋ ለማለት ይረዳል። በዚህ ምክንያት ጥለውን የሄዱ አሉ። አንዳንዶቹን እስካሁን አስባቸዋለሁ፣ በሩም አልተዘጋባቸውም።

ጥያቄ፦ ሃይማኖተኛ ሴቶች ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሲነሳ ይጣላሉ?

መልስ፦ ይጣሉ ነበር። አሁን የጠየቀች ሴት ስብከት ሳይሆን መረጃ ነው የምታገኘው። ሕጉ ምን ይላል? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር ወይም በዘመድ መካከል በተፈጸመ ግንኙነት ለተረገዘ፣ የእናትየዋ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ለሆነበት፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ላለበት፣ እናትየዋ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም በዕድሜዋ ለጋነት ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ላልሆነችበት ይፈቅዳል። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ለመደፈሯ የሴትየዋ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል፣ ይህን የማያውቅ ሰው ብዛቱ! እምነትሽን ለራስሽ ያዢ፣ የተጨነቀች ሴት ላይ አትጫኚው። የሚጾሙ፣ ሒጃብ የሚለብሱ፣ የማያምኑም አባላት አሉን፣ ተቻችለን እንኖራለን።

ጥያቄ፦ ክፍያ ትሰበስባላችሁ?

መልስ፦ አንሰበስብም። ገንዘብ ሲገባ ጥርጣሬ አብሮ ይገባል። ለተቸገረች ሴት መዋጮ ካስፈለገ ዋሷ ታረጋግጣለች፣ ብሩ በአድሚን እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ቴሌብሯ ላይ ይገባል።

ጥያቄ፦ አይደክማችሁም?

መልስ፦ ይደክመናል። ነሐሴ 2016 ባሕር ዳር ተደፍራ የተገደለችው የሕፃን ሔቨን ጉዳይ በየሚዲያው ሲወራ ግሩፑ ሌት ተቀን አልተኛም። የሰባት ዓመት ልጅ። ዜናው የብዙ ሴቶችን የልጅነት ቁስል ቀሰቀሰ፣ ለማንም ተናግረው የማያውቁት ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ። አንዷ አድሚን ለሳምንታት እንቅልፍ አጣች።

ከዚያ ወዲህ በፈረቃ ነው የምንሠራው። ሌሊቱን ዋሽንግተን ያሉት ይይዙታል፣ እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚያ ገና አመሻሽ ነው። ፈረቃዋን የጨረሰች ግሩፑን ትዘጋለች፣ "እስቲ አንዴ ልየው" የለም። ከባድ ታሪክ የሰማች አድሚን ለሌላ አድሚን ታወራለች፣ ብቻዋን ይዛው አታድርም። አዲስ የምትከፍቱ ሰዎች፣ ብቻችሁን አትጀምሩ። ቢያንስ ሦስት ሁኑ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ቢዘጋስ?

መልስ፦ ደርሶብናል። ከየካቲት 2015 እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ፌስቡክ ታግደው ነበር። ቪፒኤን ያላት ቀጠለች፣ ብዙዎች ግን ጠፉብን። አሁን እያንዳንዷ አባል የምታምናቸውን የሁለት አባላት ስልክ ትይዛለች፣ በተራ የስልክ መልእክት "ደህና ነሽ?" ይባባላሉ። ሙሉ ዝርዝሩ ማንም ጋ የለም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ውስጥ ነበርኩ። ለወጣቶች ነው ካላችሁኝ አላስቸግራችሁም።

መልስ፦ እትዬ፣ እባክዎ ይምጡልን። ወጣቶቹ ሁሉ ነገር በነሱ የተጀመረ ይመስላቸዋል፣ ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ፣ የተጣሉ ሴቶች እንዴት እንደሚታረቁ የሚያውቅ ሰው አጥተናል። ቴሌግራሙን የሚያሳይዎት ሰው ከፈለጉ ይንገሩኝ፣ አንዷ ልጃችን በስልክ ታግዝዎታለች። በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ።

"ሊንኩን ላኪልኝ" ላላችሁኝ ሁሉ፦ እዚህ አልልክም። የምታውቋት አባል ካለች በሷ በኩል ኑ። ከሌለች ጻፉልኝና ስልክ እንነጋገር፣ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል።