አባትና ልጅ በአይረን ማን ተኳረፉ

ጥያቄ፦ ባለቤቴና የ16 ዓመት ልጄ ከተኳረፉ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። መነሻው «ሲቪል ዋር» የሚባለው፣ በሥዕል የሚተረክ የማርቭል ኮሚክ ነው። ልዕለ ጀግኖች በመንግሥት ይመዝገቡ የሚል ሕግ ወጥቶ ለሁለት ይከፈላሉ። አባትየው ምዝገባውን ከሚደግፈው ከአይረን ማን ጋር ነው፤ ልጁ ደግሞ ከካፒቴን አሜሪካ ጋር። ሲከራከሩ ልጁ አባቱን «አንተም መዝጋቢ ነህ!» ብሎት ተነሥቶ ሄደ። ልጁ አንድ ምሽት ስልኩን አጥፍቶ ካመሸ ወዲህ አባቱ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ አፕ ጭኖበታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በኮሚክ ተጣሉ ሲባል የሚስቅ አይጠፋም። እኔ አልሳቅሁም። መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት አፕ ሁሉንም ትናገራለች። ጠቡ የካፒቴን አሜሪካ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ይረሳ ነበር።

ታሪኩ ግን ይጠቅመናል። በ2006 እ.ኤ.አ. መታተም በጀመረው በዚህ ኮሚክ ሕጉን ያመጣው ድንጋጤ ነው። ወጣት ጀግኖች ለቴሌቪዥን ትርኢት ሲሉ ስታምፎርድ ከተማ ውስጥ ወንጀለኞችን ሲያሳድዱ ፍንዳታ ይነሣና ከ600 በላይ ሰው ያልቃል፤ ሕፃናትም አሉበት። ከዚያ በኋላ «ማን እንደሆናችሁ እንወቅ» ማለት እብደት አይደለም። የባለቤትዎም ነገር እንደዚያው ነው። ያን ምሽት ስልኩ አልጠራ ሲላቸው ምን ምን እንዳሰቡ ልጁ አያውቅም። ምናልባት ለእርስዎም አልነገሩዎትም።

ልጁን ለመረዳት ደግሞ ስፓይደርማንን ያስቡት። አይረን ማን እንደ አባት ይዞት ነበር። ስፓይደርማን በጋዜጠኞች ፊት ጭምብሉን አውልቆ ስሙን የተናገረው በገዛ ፈቃዱ ነው። ጥሎ የሄደው በኋላ፣ አልመዘገብም ያሉት ያለ ፍርድ የሚታጎሩበትን እስር ቤት ሲያይ ነው። መመዝገቡን ችሎት ነበር፤ ምዝገባው የዋለበትን ነገር ግን አልቻለም።

ስለዚህ «አፑን ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ የታወቀ ነው። አባቱ መቼ ነው የሚያየው? ሲያመሽ ብቻ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ? ጓደኛው ቤት እንደነበር ቢያይ ማታ እንደ መርማሪ ያፋጥጠዋል? እስከ መቼስ ይቆያል? ሁለቱ ፊት ለፊት የሚነጋገሩት በዚህ ላይ ይሁን። ለምሳሌ ከተስማሙበት ሰዓት በፊት አባት አፑን አይከፍትም፤ ልጅ ስልኩን አያጠፋም፤ ካመሸ ይደውላል።

እርስዎ ግን መልእክት አያመላልሱ። «አባትህ እንዲህ አለ፣ ልጅህ እንዲህ አለ» ሲሉ ከሁለቱም ይቀያየማሉ።

ማን ይጀምር? አባት። ካፒቴን አሜሪካ እጁን የሰጠው ተሸንፎ ሳይሆን፣ እያሸነፈ ሳለ ያወደሙትን ከተማ አይቶ ነው። ባለቤትዎ የአይረን ማን ወገን ቢሆኑም ይቺን ከተቃራኒው ቡድን ቢበደሩ ችግር የለውም። ብዙ ንግግር አያስፈልግም። «ያን ማታ የሆነ ነገር የደረሰብህ መስሎኝ ነበር» ካሉት ይበቃል።

አፑ የተጫነው ልጁ ሳያውቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይጥፋ፤ ንግግሩ ከዚያ በኋላ ይጀመር።