የእቃና የልብስ እጣቢን በጠጠርና በቄጤማ ማጣራት፦ ጥያቄና መልስ ለሰሜን ሸዋ

ጥያቄዎቹ ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት የመጡ ናቸው። የምንነጋገረው ስለ እቃ፣ ስለ ልብስና ስለ ገላ መታጠቢያ ውሃ ነው።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ጉድጓድ ቆፍሬ ድንጋይ ሞላሁበት። በጋውን እጣቢውን ሁሉ ጠጣልኝ፤ ሐምሌ ላይ ግን ገንፍሎ ግቢውን አጨቀየው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) መሬት ላይ ነው የቆፈርከው። መረሬ በጋ ላይ ስለሚሰነጠቅ ውሃውን በስንጥቁ ይውጠዋል፤ ክረምት ሲገባ አብጦ ይዘጋል። የዱቄት ሳሙና ሶዲየም ደግሞ ሸክላውን እየበተነ የቀረውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ሌላ ከመቆፈርህ በፊት 30 ሳንቲ ጥልቀት ያላት ጉድጓድ አውጣ፣ ውሃ ሞልተህ አሳድር፣ ጠዋት እንደገና ሞልተህ በሰዓት ስንት እንደወረደ በማስመሪያ ለካ። ከ2 ሳንቲ ተኩል በታች ከሆነ ማስረጊያ ጉድጓድ አያዋጣም። ሙከራው በክረምት ይሁን፤ የበጋው ውጤት ያታልላል። እንዲህ ላለ መሬት የሚሻለው ከሥሩ በላስቲክ የታሸገ፣ ቄጤማ የተተከለበት የጠጠር መደብ ነው፤ እጣቢው በአንዱ ጫፍ ገብቶ በጠጠሩ ውስጥ እየተጣራ በሌላው ጫፍ ይወጣል።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ ለ5 ሰው ስፋቱ ስንት ይሁን?

መልስ፦ አንድ ሰው በቀን 30 ሊትር ቢደፋ 150 ሊትር ይሆናል። ለደጋው ብርድ ውሃው 5 ቀን እንዲቆይ አስብ፤ ስለዚህ 750 ሊትር መያዝ አለበት። ውሃ የሚይዘው ግን በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ብቻ ነው። ክፍተቱን ለማወቅ 20 ሊትር ባልዲ ጠጠር ሙላና ውሃ እየለካህ ጨምር፤ 8 ሊትር ከገባ ክፍተቱ 40 በመቶ ነው። 750ን ለ0.4 ስታካፍል 1,875 ሊትር ይመጣል። የውሃው ጥልቀት 50 ሳንቲ ከሆነ 1 ሜትር በ4 ሜትር ይበቃል። ጠጠሩን 60 ሳንቲ ድረስ ሙላ።

ጠጠሩ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ መግቢያውና መውጫው ጋ ደግሞ ከ40 እስከ 80 የሚሆን ድንጋይ ይሁን። ታጥቦ ይግባ! ከነአቧራው የገባ ጠጠር በራሱ ጭቃ ይደፈናል። ባሕር ዛፍ አጠገብ አትሥራ፣ ሥሩ ላስቲኩን ይበሳዋል። ከውሃ ጉድጓድም 30 ሜትር ራቅ።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ የእኔ መደብ ቅባት ያንሳፍፋል፣ ይሸታል። ቄጤማው አነሰ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ ከቄጤማው በፊት ነው። እጣቢው መደቡ ጋ ከመድረሱ በፊት በቅባት መያዣ በርሜል ማለፍ አለበት። ክዳን ያለው 60 ሊትር በርሜል ይበቃል። መግቢያው ከመውጫው 5 ሳንቲ ከፍ ይበል። መውጫው ላይ ቲ (የ“T” ቅርጽ ያለው የቱቦ መገጣጠሚያ) ግጠሚ፣ የታችኛው እግሩ እስከ በርሜሉ ወገብ ይውረድ። ቅባቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ ዝቃጩ ታች ይቀራል፣ ወደ መደቡ የሚሄደው የመሃሉ ውሃ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እግሩን ይተወዋል፤ ያኔ ላይ የሰፈፈው ቅባት ቀጥ ብሎ ይወጣል።

በርሜሉን ከማድ ቤቱ አታርቂው። በእናንተ ብርድ ቅቤ በቱቦው ውስጥ ይረጋል። በየሳምንቱ የሰፈፈውን በጭልፋ ገፈሽ ቅበሪ። በሁዳዴ እምብዛም አይሞላም፤ የፋሲካ ሳምንት ግን የዶሮ ወጡ ድስት ሁሉ ስለሚታጠብ በ2 ቀን አንዴ እዪው። የጠላ አተላ ፈጽሞ አይደፋበት፣ ለከብት ይሰጥ። በረኪናም ቆሻሻውን የሚበሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

አሁን የተደፈነውን ለማዳን የመግቢያውን 50 ሳንቲ ያህል ጠጠር አውጥተሽ እጠቢና መልሺው። ሙሉውን ማውጣት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የሽንት ቤቱንም ላገናኘው?

መልስ፦ አይሆንም።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ እኛ ዘንድ ወባ አለ። ውሃ ማቆር አይሆንብንም?

መልስ፦ አባቴ፣ ትንኝ የምትራባው ፊቱ በተገለጠ ውሃ ላይ ነው። የመውጫውን ክርን (እንደ ክርን የታጠፈ) ቱቦ እያዘነበሉ የውሃውን ከፍታ ከጠጠሩ ፊት 10 ሳንቲ ዝቅ ያድርጉት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ፣ ተክሉ ሥር እስኪይዝ፣ ወደ ላይ ቀረብ ይበል፤ ያኔም የጠጠሩ ፊት ደረቅ ይሁን። በርሜሉም ክዳኑ ይግጠም። ለቆላው 3 ቀን ስለሚበቃ መደቡ ከደጋው ያንሳል። በካሬ ሜትር 4 ደንገል (ረጅሙን የቄጤማ ዓይነት) ይትከሉ።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ የወጣውን ውሃ ሰላጣና ቲማቲም ላጠጣበት?

መልስ፦ ሰላጣ አይሆንም፤ ጥሬውን የሚበላ አትክልት ሁሉ ይቅርበት፣ ጀርሙ በጠጠር ብቻ ተጣርቶ አያልቅም። ለፓፓያ፣ ለማንጎና ለጌሾ ግን ጥሩ ነው። ቅጠሉ ላይ ሳይረጩ፣ ግንዱ ዙሪያ በገለባ ሥር ያፍስሱት።