ዘይት የሚቀባው ፊልትሮ ወይስ የወረቀቱ?

ጥያቄ፦ በፈረንጆች 2008 የተሠራ፣ ባለ 2.4 ሊትር የቤንዚን ራቭ 4 አለኝ። የምኖረው አዳማ ሲሆን በሳምንት ሦስት ቀን በመቂና በዝዋይ ዙሪያ ወዳሉ እርሻዎች በኮረኮንች መንገድ እመላለሳለሁ። የወረቀቱ የአየር ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ በአቧራ ስለሚሞላ ጋራዥ እየወሰድኩ በኮምፕሬሰር አስነፋዋለሁ። አሁን አሜሪካ ያለው ወንድሜ እየታጠበ ዘይት የሚቀባ፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል የተባለለት የጥጥ ፊልትሮ ልኮልኛል። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጉልበትም ይጨምራል ይላሉ። ልቀይረው?

መልስ፦ አይቀይሩት። ይህን የምለው ወንድምዎ የላከው ዕቃ መናኛ ስለሆነ ሳይሆን እርስዎ ለሚነዱበት መንገድ የማይስማማ ስለሆነ ነው።

አንድ ኪሎ ቤንዚን በአግባቡ እንዲነድ ወደ 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልገዋል። ይህ በመጠን ሲሰላ ሞተርዎ ለሚያቃጥለው ለእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ሺህ ሊትር አየር ይስባል ማለት ነው፤ እንደ አዳማ ባለ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ደግሞ መጠኑ ከዚህም ይበልጣል። በመቂና በዝዋይ አካባቢ ያለው የስምጥ ሸለቆ አፈር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ በመሆኑ ከዚህ ሁሉ አየር ጋር የሚገባው ብናኝ በእጅ ሲዳሰስ ዱቄት ይምሰል እንጂ በውስጡ እንደ ተፈጨ ጠርሙስ ያለ ጠንካራና ስለታም ቅንጣት አለበት። ሞተርን አብዝቶ የሚጎዳው ደግሞ በዓይን የምናየው ጠጠር ሳይሆን ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሚደርሰው ደቃቅ ብናኝ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ነው ቢባል ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ይገመታል። ይህ ብናኝ በፒስተን ቀለበቶችና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ካለው ስስ የዘይት ሽፋን ጋር ተቀላቅሎ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ሞተሩ ዘይት መብላትና ሰማያዊ ጭስ ማውጣት የሚጀምረው ብዙ ቆይቶ ስለሆነ ባለቤቱ ጥፋቱን ከፊልትሮው ጋር አያገናኘውም።

ሁለቱ ፊልትሮዎች ይህን ብናኝ የሚይዙበት መንገድ የተለያየ ነው። የወረቀቱ ፊልትሮ ቀዳዳዎቹ በጣም ጠባብ ስለሆኑ ብናኙን ገጹ ላይ ያስቀረዋል፤ በላዩ የሚከማቸው አቧራ ራሱ ሌላ ማጣሪያ ስለሚሆን ፊልትሮው በመጠኑ ሲቆሽሽ ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል። የጥጡ ፊልትሮ ግን በሽቦ ወንፊት መካከል የተነጠፈ ሳሳ ያለ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ በመሆናቸው ብናኙን የሚያስቀረው በተቀባው ዘይት አጣብቆ ነው። አየር በቀላሉ ያሳልፋል የሚባለው እውነት ነው፤ አየር በቀላሉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ግን ለደቃቅ አቧራም መንገድ ይሆናል። በአሜሪካ ለዱራማክስ የናፍጣ ሞተር በሚሠሩ ፊልትሮዎች ላይ የአየር ፊልትሮ የማጣራት ብቃት በሚፈተንበት በዓለም አቀፉ የአይ ኤስ ኦ 5011 መለኪያ በተደረገ አንድ የታወቀ ሙከራ ከወረቀቶቹ የተሻለው 99.93 ከመቶ ሲያጣራ ዘይት የሚቀባው ጥጥ 96.8 ከመቶ አጣርቷል። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። ነገር ግን የሚያልፈውን ስናሰላ ወደ ፊልትሮው ከደረሰው 100 ግራም አቧራ ወረቀቱ ያሳለፈው 0.07 ግራም፣ ጥጡ ያሳለፈው ደግሞ 3.2 ግራም ነው፤ ይህም ከ40 እጥፍ ይበልጣል። በአስፋልት ብቻ ለሚሄድ መኪና አቧራው ጥቂት ስለሆነ ይህ ብዙም ላያሳስብ ይችላል፤ ለእርስዎ ግን ያሳስባል።

ነዳጅ ይቆጥባል ስለሚባለው፣ ኦክ ሪጅ የተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በ2009 ባወጣው ጥናት በኮምፒውተር የሚታዘዝ የቤንዚን ሞተር ፊልትሮው ክፉኛ ቢደፈን እንኳ የነዳጅ ፍጆታው በሚታይ ሁኔታ እንደማይጨምር፣ የሚዘገየው ፍጥነት ሲይዝ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚመጥነው በሚገባው አየር ልክ ነው። የተደፈነ ፊልትሮ ነዳጅ ካላስበላ በቀላሉ አየር የሚያሳልፍ ፊልትሮ ከየት አምጥቶ ይቆጥባል? ጉልበት ጨመረልን የሚሉኝ ደንበኞች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሰሙት አየሩ ሲሳብ የሚያሰማውን ከፍ ያለ ድምፅ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። በእርስዎ መኪና ላይ የሚገባውን አየር የሚለካው ሰንሰር ከፊልትሮው ቀጥሎ የተተከለ ሲሆን የሚሠራውም እጅግ ቀጭን በሆነ የጋለ ሽቦ ነው። ፊልትሮው ላይ ዘይት ከመጠን በላይ ከተቀባ በአየሩ ተጠርጎ ሽቦው ላይ ያርፋል፣ አቧራም ይለጠፍበታል፤ ያን ጊዜ ሰንሰሩ አየሩን አሳንሶ ያነባል፣ የሞተር መብራትም ሊበራ ይችላል። አምራቾቹ በልኩ ከተቀባ ችግር የለውም ይላሉ፤ ልክ ነው፣ ግን ልኩን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። አጠባቡም በራሱ ማጽጃ ፈሳሽ፣ ጫናው በቀነሰ ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያም ያለ ኮምፕሬሰርና ያለ እሳት በጥላ ሥር እስኪደርቅ መጠበቅ፣ በመጨረሻም የራሱን ዘይት በስሱ መቀባት ነው። በቤንዚን ታጥበው የሞተር ዘይት የተቀቡ ፊልትሮዎች ጋራዣችን መጥተው አይቻለሁ፤ እነዚያን ከመጠገን መጣል ይቀላል።

የቆዩ ሾፌሮች በዚህ ላይ ሊከራከሩኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ የድሮ ላንድክሩዘርና የጭነት መኪና አየሩን በዘይት ገንዳ ላይ እያሳለፈ ሲያጣራ ኖሯልና። ነገር ግን የዘይት ገንዳው ቦታውን ለወረቀት የለቀቀው ደቃቁን ብናኝ በማስቀረት ወረቀቱ ስለበለጠው ነው።

ወደ እርስዎ ወረቀት ስመለስ፣ ከፊልትሮው ዓይነት ይልቅ ያሳሰበኝ በኮምፕሬሰር ማስነፋትዎ ነው። የጋራዥ ኮምፕሬሰር ከ8 ባር በላይ ግፊት ሲኖረው ወረቀቱ ግን በዚያ ግፊት በዓይን በማይታይ ሁኔታ ይበሳል፤ ስለዚህ የተነፋው ፊልትሮ ንጹሕ ይመስላል፣ አቧራውን ግን ወደ ሞተሩ ያሳልፋል። የግድ ማጽዳት ካለብዎ በመዳፍዎ ቀስ አድርገው ያራግፉት እንጂ አያስነፉት። ከዚያ ወደ ፀሐይ አቅንተው ይመልከቱት፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ የብርሃን ነጥብ ካዩ ይጣሉት።

ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍተው ከፊልትሮው በኋላ ያለውን የአየር ቱቦ ይፍቱና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ጨርቁ ቡናማ አቧራ ይዞ ከወጣ አየሩ በፊልትሮው ሳያልፍ የሚገባበት ክፍተት አለ ማለት ነው። የተሰበረ የሳጥን መቆለፊያ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ወይም ጠርዙ ላይ ያለው ጎማ ደርቆ በቦታው ያልተቀመጠ ፊልትሮ ካለ በመጀመሪያ እሱ ይጠገን፤ ይህ ሳይሆን ምንም ዓይነት ፊልትሮ ቢገዙ ዋጋ የለውም። በእኔ ልምድ አቧራ ከበላቸው ሞተሮች የብዙዎቹ ጥፋት ከዚሁ ከሳጥኑ ነው።

የቶዮታ የአሜሪካ መመሪያ ፊልትሮው በ48,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲቀየር፣ አቧራማ ቦታ ላይ ግን በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲታይ ያዝዛል። ለእርስዎ መንገድ በበጋ ወራት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይመልከቱት ብዬ እመክራለሁ፤ ባዩት ቁጥር ይቀየር ማለት አይደለም፣ ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር አቧራ ሊገባ ስለሚችል ከዚያም በላይ አይክፈቱት። ሲገዙ ኮፒውን ከኦርጅናሉ ለመለየት እጥፋቶቹ ይቀራረቡ እንደሆነ፣ የጠርዙ ጎማ ለስላሳና ዙሪያውን እኩል እንደሆነ፣ ሙጫው ያልተበጣጠሰ እንደሆነ በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ።

ወንድምዎ የላከውን ፊልትሮ አዲስ አበባ ውስጥ በአስፋልት ብቻ የሚነዳ፣ ተመሳሳይ መኪና ያለው ወዳጅ ካለዎት ይስጡት። ወንድምዎ ሌላ ነገር ልላክ ካለዎት ደግሞ ኦርጅናል የወረቀት ፊልትሮ ሁለት ወይም ሦስት ይላክልዎ፤ ክብደታቸው ቀላል ስለሆነ ሻንጣ አያጨናንቁም።