መልስ፦ በሐረር ገጽ ላይ የትኛውን ቅጂ ልቆልፍ?

በኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ መጋቢ (አስተዳዳሪ) እንደመሆንዎ፣ ሁለት ጸሐፊዎች ስለ ሐረር ከተማ በሚናገረው ገጽ ላይ ሲከራከሩ የትኛውን ቅጂ እንደሚቆልፉ ጠይቀዋል። የትኛው ወገን ትክክል እንደሆነ ለመወሰን ሳይሞክሩ ገጹን አሁን ባለበት ቅጂ ለጥቂት ቀናት ይቆልፉት፤ ማለትም ጸሐፊዎቹ እንዳይለውጡት ያድርጉ። ሐረር «አራተኛዋ የእስልምና ቅድስት ከተማ ናት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንዱ እየጻፈ ሌላው እየሰረዘ እንዳስቸገሩዎት ገልጸዋል፤ ስለዚህ መቆለፉ ፍርድ አለመሆኑንና ሁለቱም ምንጫቸውን ይዘው ወደ ውይይት ገጹ እንዲመጡ በአጭር መልእክት ያስታውቋቸው። በዚያ ጽሑፍ ላይ እርስዎም እጅዎ ካለበት፣ መቆለፉን ለሌላ መጋቢ ይተዉት።

ከዚያ በኋላ ክርክሩን «እውነት ነው ወይስ አይደለም?» ከሚለው አውጥተው «ይህን ያለው ማን ነው?» ወደሚለው ያዙሩት። እ.ኤ.አ. በ2006 ጁገልን፣ ማለትም በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን የሐረር ከተማ፣ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ 82 መስጊዶች እንዳሏት ሲገልጽ፣ አራተኛዋ ቅድስት ከተማ እንደምትባልም ይጠቅሳል። ዓረፍተ ነገሩ በኢንሳይክሎፒዲያው ስም ሳይሆን በዩኔስኮ ስም ከተጻፈ አብዛኛው ጠብ ይበርዳል። የሚቃወመው ወገን የታተመ ምንጭ ካመጣ አስተያየቱ ከጎኑ ይገባል፤ «እኔ የጁገል ልጅ ነኝ» ማለት ግን፣ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በየትኛው አጠገብ ቢወለድ፣ ምንጭ አይሆንም።

በልምዴ ያየሁትን አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎት። የሐረርና የድሬዳዋ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ስለሚተዋወቁ በቴሌግራም ወይም በርጫ ላይ ተነጋግረው «ታርቀናል፣ ይክፈቱልን» ይሉዎታል። የተስማሙበትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል በውይይት ገጹ ላይ ሳያሰፍሩ አይክፈቱላቸው፤ አለዚያ ስምምነቱን ያላየ ሦስተኛ ሰው መጥቶ ያንኑ ክርክር እንደ አዲስ ይጀምረዋል።